ኤምሬትስን የሚያውቀው ልጅ የካን መቼ ይወቅ?

እሁድ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነው፡፡ መገናኛ አካባቢ ካሉት የዲኤስቲቪ ቤቶች በአንዱ ወንበር ጠፍቷል፡፡ ዘግይቶ የመጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፡፡ ጥግ ላይ ቀይ ማሊያ የለበሰ አባት የዘጠኝ ዓመት ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጨዋታው እስኪጀመር ይጠብቃል፡፡ ልጁ ጉድ ነው! የአርሰናልን አሰላለፍ ከግብ ጠባቂው እስከ አጥቂው ይዘረዝራል፤ ኤምሬትስ ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንደሚይዝም ለጎረቤቱ ያስረዳል፡፡ ከዚያ በበሩ በኩል አሻግሮ አየና ጠየቀ፡፡ "አባዬ፣ እዚያ ተራራ ላይ ምን አለ?"

አባት ዞር ብሎ የየካን ተራራ አየና "ባህር ዛፍ ነዋ! ማታ ማታ ደግሞ ጅብ አለ" አለው፡፡ ቤቱ ሳቀ፡፡ ጨዋታው ተጀመረ፤ ጥያቄውም እዚያው ቀረ፡፡

ይህ ነገር በአንድ ቤትና በአንድ አባት የሚያበቃ አይደለም፡፡ የለንደንን የስታዲየም በር በቁጥር የሚያውቅ፣ የማንቸስተርን ሁለት ክለቦች ታሪክ የሚተነትን፣ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ግን አንድም ቀን ያልረገጠ ትውልድ እያደገ ነው፡፡ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፡፡ ማንም ይዟቸው አልወጣም፡፡

ለዚህ ችግር መላ የሚሆን አንድ ጨዋታ አለ፡፡ ስሙ ጂኦካሺንግ ይባላል፡፡ ለብዙው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ስሙ አዲስ ነው፤ ጨዋታው ግን አዲስ አይደለም፡፡ ልጅ ሆኖ ድብብቆሽ ወይም ኩኩሉ ያልተጫወተ የለም፡፡ ጂኦካሺንግ ያው ድብብቆሽ ነው፡፡ ልዩነቱ የሚደበቀው ሰው ሳይሆን ዕቃ መሆኑና ፈላጊው ስልኩን ይዞ መሄዱ ብቻ ነው፡፡

በባልዲ የተጀመረ ጨዋታ

ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ ውስጥ ነው፡፡ ጂፒኤስ የሚባለው ከሳተላይት ምልክት ተቀብሎ የቆሙበትን ቦታ የሚናገረው ሥርዓት የአሜሪካ ጦር ሀብት ነው፡፡ ጦሩ ለሲቪሉ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር፣ ተራው ሰው የሚያገኘው ቦታ እስከ 100 ሜትር ድረስ ሊሳሳት ይችል ነበር፡፡ የእግር ኳስ ሜዳን ከአንዱ ጎል እስከ ሌላው ጎል እንደማለት ነው፡፡ በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ትዕዛዝ ይህ ማዛባት ሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ላይ ቆመ፡፡ በአንድ ሌሊት ስህተቱ ወደ ጥቂት ሜትሮች ወረደ፡፡

ዴቭ ኡልመር የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ይህን ለመሞከር ሲል ሚያዝያ 25 ቀን 1992 ዓ.ም. በኦሪገን ግዛት፣ ከፖርትላንድ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ጫካ ውስጥ አንድ ጥቁር ባልዲ አስቀመጠ፡፡ በውስጡ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ፣ መጻሕፍት፣ ወንጭፍ፣ ሌላው ቀርቶ አንድ ጣሳ ባቄላ ሳይቀር ነበረበት፡፡ ከዚያ የቦታውን ቁጥር በኢንተርኔት ለቀቀ፡፡ ማይክ ቲግ የተባለ ሰው ቀድሞ ደረሰና ደብተሩ ላይ ስሙን ጻፈ፡፡ ጨዋታው በዚያው ተጀመረ፡፡ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ድብቅ ዕቃዎች አሉ፡፡

ሕጉ ከኦፍሳይድ ሕግ ይቀላል፡፡ ያገኘ ሰው ደብተሩ ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፡፡ ከዕቃው አንድ ነገር ከወሰደ እኩል ወይም የተሻለ ዋጋ ያለው ይተካል፡፡ ከዚያ ያገኘውን ባገኘበት ቦታ መልሶ ያስቀምጣል፡፡ መሬት ቆፍሮ መቅበር ክልክል ነው፤ የቦታውን ባለቤት ሳያስፈቅዱ መደበቅም እንዲሁ፡፡ ዳኛ የለም፣ ቪኤአር የለም፡፡ የሚያስጫውተው የተጫዋቹ ህሊና ነው፡፡

"ስልኬ ይችላል ወይ?" ለሚል ደግሞ መልሱ ቀላል ነው፡፡ ራይድ ወይም ፈረስ ጠርቶ ሾፌሩ "የት ነህ?" እያለ ያስጨነቀው የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ጂፒኤስን ያውቃል፡፡ "ከፋርማሲው ገባ ብሎ፣ ቢጫው በር" ብለን ቦታ ስንናገር የኖርን ሰዎች ዛሬ ቦታችንን በስልክ እንልካለን፡፡ አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜንና 38 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነች፡፡ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ደቂቃዎችና ከነጥብ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ሰፈሩን፣ ዛፉን፣ ድንጋዩን ይለያሉ፡፡ አንድ ደቂቃ ወደ ሰሜን 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከነጥብ በኋላ ያለው ሦስተኛ አሃዝ በአንድ ሲቀየር ቦታው ከሁለት ሜትር ያነሰ ይንቀሳቀሳል፡፡ ስልክ ምልክቱን የሚቀበለው 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካሉ ሳተላይቶች ስለሆነ ዳታ አይበላም፡፡ ካርታውን ቤት ሆኖ አስቀድሞ መጫን ብቻ ነው፡፡ በዛፍ ስር ግን ጥቂት ሜትር ይስታል፡፡ ጨዋታው የሚጥመውም ያኔ ነው፤ ስልኩ "ደርሰሃል" ብሎ ዝም ሲል የልጁ ዓይን ሥራ ይጀምራል፡፡

የየካ ሜዳ

አሁን ወደ የካ እንመለስ፡፡ ለዚህ ጨዋታ ከዚህ የተሻለ ሜዳ ከየት ይመጣል? በሾላ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በኮተቤ በኩል ሚኒባስ አለ፡፡ ከአስፋልቱ ወጥቶ ትንሽ እንደተራመዱ ጫካው ይጀምራል፡፡

የመጀመሪያው ፍለጋ ዛፍ ይሁን፡፡ ኮረብታውን የሸፈነው ባህር ዛፍ ነው፡፡ ስሙ ራሱ ከባህር ማዶ የመጣ ዛፍ መሆኑን ይናገራል፤ አገሩ አውስትራሊያ ነው፡፡ በአጼ ምኒልክ ዘመን ከተማዋ ማገዶ ባጣች ጊዜ ተተከለ፡፡ ታዲያ ለልጁ "ከዚህ ሁሉ ባህር ዛፍ መካከል አንድ ጽድ ወይም አንድ ወይራ ፈልገህ አምጣ" ቢባል፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍ በአንድ ወር የማያስተምረውን በግማሽ ሰዓት ይማራል፡፡ "አምጣ" ሲባል ግን ቅጠሉን ቆርጠህ አይደለም፤ ቦታውን በስልክህ መዝግበህ፡፡

ሁለተኛው ዋሻ ሚካኤል ነው፡፡ ከየካ ሚካኤል በላይ ጫካው ውስጥ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ፡፡ የአካባቢው አባቶች ዕድሜውን ከአክሱም ዘመን ጋር ያያይዙታል፤ ወደ 12ኛው ክፍለ ዘመን የሚጠጉትም አሉ፡፡ የሆነው ሆኖ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በዚያ ኮረብታ ላይ መዶሻና መሮ የያዙ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው፡፡ ላሊበላን ለማየት የአውሮፕላን ቲኬት የሚያጠራቅም ቤተሰብ ከቤቱ በላይ አንድ ሰዓት ሽቅብ የሚያስኬድ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን እንዳለ አለማወቁ ያስገርማል፡፡ በክረምት ውሃ ስለሚሞላው የሚሻለው በበጋ መሄድ ነው፡፡ እዚያ ምንም ዕቃ መደበቅ አያስፈልግም፡፡ ቦታው ቅዱስ ነው፤ ጫማ አውልቆ፣ አባቶችን አስፈቅዶ፣ በጸጥታ ማየት ይበቃል፡፡ ለልጁ የሚሰጠው ፍለጋ ጥያቄ ነው፡፡ በሮቹ ስንት ናቸው? ድንጋዩ ምን ዓይነት ቀለም አለው? ጠራቢዎቹ ከላይ ጀመሩ ወይስ ከጎን?

ሦስተኛው ፍለጋ በሌላ እሁድ ይሁን፡፡ ከየካ ወደ ምዕራብ ወደ እንጦጦ ራስ፣ ሱሉልታን ወደሚያሳየው ጀርባ መውጣት ነው፡፡ ከፍታው ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፡፡ ያ ሸንተረር የሁለት ታላላቅ ወንዞች ተፋሰስ ድንበር ነው፡፡ ወደ ሱሉልታ በኩል የወረደ የዝናብ ውሃ በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል፤ ሱዳንንና ግብጽን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባህር ይደርሳል፡፡ ወደ አዲስ አበባ በኩል የወረደው ደግሞ እንደ ቀበና ባሉ ወንዞች በኩል አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ባህር ሳይደርስ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፡፡ ልጅን እዚያ አቁሞ "አንዱ እግርህ ዓባይ ላይ፣ አንዱ እግርህ አዋሽ ላይ ነው" ቢሉት ያን ቀን ይረሳዋል? የዓባይ ወሬ በየቤቱ በሚወራበት አገር፣ ዓባይ የሚጀምርበትን መሬት በእግሩ የረገጠ ልጅ ነገሩን በሌላ ዓይን ነው የሚያየው፡፡

አራተኛው ከላይ ወደ ታች ነው፡፡ አጼ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው፡፡ ከተማዋ ግን ከዚያ ቀደም ብላ፣ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ብለው ስም ሲያወጡላት፣ ወደ ፍልውሃ መውረድ ጀምራ ነበር፡፡ ከላይ ሆኖ ፍልውሃን፣ ከዚያ የአዲስ አበባ ስታዲየምን መፈለግ የኳስ አፍቃሪ ቤተሰብ የቤት ሥራ ይሁን፡፡ ያ ሜዳ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችበት ነው፡፡ ከኮረብታው ሲያዩት ሳንቲም ያህላል፡፡ አባት ታሪኩን የሚነግርበት ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም፡፡

መንገድ ላይ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ የወጡ ሯጮች ያልፋሉ፡፡ ኃይሌ ገብረሥላሴ ለስንት ድል የተዘጋጀው በእንጦጦ ዳገት ነው፡፡ ማገዶ ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶችም ያልፋሉ፡፡ ለእነሱ መንገድ ለቆ "እንደምን አደራችሁ" ማለት ልጅ ከዚያ ኮረብታ የሚማረው ትልቁ ትምህርት ሳይሆን አይቀርም፡፡

"የፈረንጅ ጨዋታ ነው"

ተቃውሞ መምጣቱ አይቀርም፡፡ አንዳንዱ "የፈረንጅ ጨዋታ ነው" ይላል፡፡ ኳሱስ የማን ነበር? የአርሰናልን ማሊያ ለብሶ ይህን የሚል ሰው መስታወት ቢያይ ይሻለዋል፡፡

ሌላው ግን የምር ተቃውሞ ነው፤ በቀልድ አይታለፍም፡፡ በአዲስ አበባ ጫካ ውስጥ ሰው ሳጥን ሲደብቅ ቢታይ ምን ይባላል? ጥበቃው ምን ያስባል? የካ ውስጥ ኤምባሲዎች አሉ፣ ተቋማት አሉ፡፡ አንድ ሰው ስልኩን ይዞ ቁጥቋጦ ስር ሲያነፈንፍ ቢያዝና "ጨዋታ ነው" ቢል ማን ያምነዋል? ይህ ስጋት ትክክል ነው፡፡ በውጭ አገርም ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ዕቃውን አይቶ ፖሊስ የጠራበት ጊዜ አለ፡፡

መልሱ ሳጥኑን መተው ነው፡፡ ጂኦካሺንግ ራሱ ዕቃ የሌለበት ዓይነት አለው፡፡ ተጫዋቹ ቦታው ድረስ ይሄድና እዚያ ሳይደርስ የማይመለስ ጥያቄ ይመልሳል፡፡ ለየካና ለእንጦጦ የሚስማማው ይሄ ነው፡፡ አንዱ ቤተሰብ ቁጥሩንና ጥያቄውን ያዘጋጃል፤ ሌላው ቤተሰብ ፈልጎ መልሱን ይዞ ይመጣል፡፡ በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ተራ ይለዋወጣሉ፡፡ የተጠረጠረ ሳጥን የለም፤ የተጣለ ላስቲክም የለም፡፡ ሳጥን ካስፈለገም የራስ ግቢ ወይም የተፈቀደ የትምህርት ቤት ግቢ አለ፡፡

"ጫካው ያስፈራል" የሚልም አለ፡፡ እውነቱን ነው፤ ለብቻ፣ ያውም ሲመሽ የሚገባበት አይደለም፡፡ ታዲያ ማን ብቻህን ሂድ አለህ? ደጋፊ መቼ ብቻውን ተንቀሳቅሶ ያውቃል? ሦስት አራት ቤተሰብ ተጠራርቶ፣ ጠዋት ወጥቶ፣ መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢ ልጅ ይዞ፣ ከቀትር በፊት መውረድ ነው፡፡ ከ10 ሰዓቱ ጨዋታም አያስቀርም!

"ገንዘብስ?" ለሚለው ደግሞ፣ በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ያማረ ነው፤ አቅሙ ያለው ይግባና ይዝናና፡፡ አምስት ቤተሰብ ይዞ ገብቶ ልጆቹ እያንዳንዱን መጫወቻ ሲያዩ "ይቅርባችሁ" ማለት የሚከብደው አባት ግን ብዙ ነው፡፡ የፍለጋ ጨዋታ የሚጠይቀው የሚኒባስ ሂሳብ፣ ዳቦ፣ ውሃና ቻርጅ የተደረገ ስልክ ነው፡፡ የውሃውን ሃይላንድ ደግሞ ይዞ መመለስ ግድ ነው፡፡ በውጭ ያሉ ተጫዋቾች ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ሲፈልጉ ያገኙትን ቆሻሻ ለቅሞ መውረድን እንደ ባህል ይዘውታል፡፡ ለቀበና ወንዝ ከዚህ የበለጠ ውለታ የለም፤ ላይ የተጣለው ላስቲክ ሁሉ ታች ነው የሚደርሰው፡፡

ሜዳ ያጣ ልጅ

ይህ ሁሉ ወሬ ለምን በስፖርት ገጽ ላይ ሆነ? ምክንያቱ ግልጽ ነው፡፡ የሰፈር ሜዳ አልቋል፡፡ ትናንት በድንጋይ ጎል ተሠርቶ ኳስ የሚጠለዝበት ቦታ ዛሬ ወይ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ወይ የታጠረ ግንባታ ነው፡፡ ስታዲየሙም ቢሆን ራቀ፡፡ ሊጉ በ2013 ዓ.ም. በዲኤስቲቪ መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ለተከታታይ የውድድር ዘመናት ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ ሲካሄዱ፣ የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ የራሱን ክለብ በቴሌቪዥን ሲያይ ከረመ፡፡ ልጁን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ካታንጋ ይገባ የነበረ አባት ዛሬ ያው ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ስክሪን ያሳየዋል፡፡ ልጁ የሚያየው ስፖርት ነው፤ የሚሠራው ግን መቀመጥ ነው፡፡

ከዚያ "ብሔራዊ ቡድናችን ለምን ትንፋሽ አጠረው?" ተብሎ ይጠየቃል፡፡ በዳገት ያልሮጠ፣ ዛፍ ያልወጣ፣ ጠፍቶ መንገድ ያልፈለገ ልጅ ትንፋሹን ከየት ያምጣው? በታላቁ ሩጫ ቀን በ10 ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አደባባይ ሲወጣ ይህች ከተማ መንቀሳቀስ እንደምትወድ ይታያል፡፡ ችግሩ በዓመት አንድ ቀን መሆኑ ነው፡፡ የቀሩት እሁዶች የስክሪን ናቸው፡፡

ታዲያ ጀማሪው ማን ይሁን? የደጋፊ ማህበራት ናቸው፡፡ ክለባቸውን ተከትለው ሐዋሳና አዳማ ድረስ አውቶቡስ ሞልተው የሚጓዙ ማህበራት፣ አንድ እሁድ ጠዋት ቤተሰብ አሰባስበው የካ መውጣት አይሳናቸውም፡፡ ቢጫ ለባሹ ጥያቄ ያዘጋጅ፣ ቡኒ ለባሹ ይፈልግ፤ በሚቀጥለው ወር ይገለበጥ፡፡ በደርቢ ቀን የሚሰዳደቡ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው አንድ ዳገት ቢወጡ ስድቡም ይቀንስ ነበር፡፡ ትምህርት ቤቶችም ይችሉታል፤ የስፖርት መምህርና የጂኦግራፊ መምህር አንድ ቀን መስማማት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው፡፡ ክፍለ ከተማው ደግሞ አንድ ነገር ያግዝ፤ ፈቃዱን ያቅልል፣ ለጥበቃዎቹም "እነዚህ ቤተሰቦች ናቸው" ብሎ ይንገር፡፡

ዲኤስቲቪ ይዘጋ ያለ የለም፡፡ አርሰናልም ይጫወት፣ ማንቸስተርም ይጫወት፡፡ ነገር ግን ሰው የማይወጣበት ኮረብታ ጠበቃ የለውም፡፡ ሲታረስ፣ ሲታጠር፣ ቆሻሻ ሲደፋበት የሚጮህለት አይኖርም፡፡ ዛሬ ዋሻ ሚካኤልን በሮቹን ቆጥሮ የተመለሰ ልጅ ነገ ማንም ቢነካበት "ያ የኔ ነው" ይላል፡፡ ክለቡን የሚወድ ደጋፊ ማለት እንደዚያ ነው፤ መውደድ የሚጀምረው ደግሞ ሜዳ ድረስ በመሄድ ነው፡፡

ያ ባለ ቀይ ማሊያ አባት ለልጁ ጥያቄ ገና መልስ አልሰጠም፡፡ "እዚያ ተራራ ላይ ምን አለ?" ለሚለው "ባህር ዛፍና ጅብ" ማለት አይበቃም፡፡ "አላውቅም፤ እሁድ ጠዋት ሄደን እንፈልግ" ቢለው ግን ከሦስት ነጥብ በላይ ያገኝ ነበር፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡